ግድግዳ የምታንኳኳው ሴት

ትርንጎ ዳኛውን መጀመሪያ ያየኋት የምንኖርበትን ቤት ምሰሶ በትንሽ መዶሻ ስታንኳኳ ነው። ሻንጣዋን ገና ከጋሪው ላይ አላወረደችም። ጆሮዋን ምሰሶው ላይ ለጥፋ ኳ ኳ ታደርጋለች፤ ትንሽ ፈቀቅ ትልና ደግሞ ኳ ኳ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ሆኜ አየኋትና፣ «እመቤት፣ በሩ እኮ በዚህ በኩል ነው» አልኋት። ቀና ብላ አይታኝ፣ «በሩንማ አይቼዋለሁ፤ የቤቱን ጤና ነው የምጠይቀው» አለችኝ። ቀልዴን በቀልድ የመለሰችልኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ኋላ እንደተረዳሁት ግን ትርንጎ በቤት ነገር ቀልድ የምታውቅ ሰው አልነበረችም።

እኔ አንዳርጋቸው ልብስ ሰፊ ነኝ። ጎንደር ከተማ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ጣልያን በሲሚንቶ የሠራው ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ። በረንዳው ሥር መኪናዬን ተክዬ ስሰፋ ኖሬአለሁ፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ከሌሎች ሰባት ቤተሰቦች ጋር እኖር ነበር። ቤቱ የአንድ ነጋዴ ነበረ፤ ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌ ሆነ። ታችኛው ፎቅ ድሮ ሱቅ በሱቅ ነበረ፤ በሱቆቹም መካከል ወፋፍራም የድንጋይ ግድግዳ ነበረ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ዋኘው ግን የስብሰባ አዳራሽ አማረው። ሕዝቡ በእሑድ ቀን በዘመቻ ተጠርቶ ግድግዳዎቹን አፈረሰ። ድንጋዩ ሳይባክን አዳራሹ ራስጌ ላይ ከፍ ያለ መድረክ ተገነባበት፤ ጓድ ዋኘውም እዚያ ላይ ወጥቶ ንግግር አደረገ። ከላይ የኛ መኖሪያ፣ ከታች ባዶ፣ በመካከል ቀጫጭን ምሰሶዎች ብቻ ቀሩ። ማናችንም አላሰብንበትም፤ አዳራሹ ሰፋ፣ ሸጋ ሆነ ብለን አጨበጨብን።

ትርንጎ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው። በአንድ የመንግሥት የሕንፃ ሥራ መሥሪያ ቤት ቴክኒሺያን ሆና ተቀጥራ፣ ላይኛው ፎቅ ዳር ያለችው ክፍል ተሰጠቻት። እናቷ የበለሳ ሰው፣ አባቷ ወታደር ነበሩ። ልጅ ሳለች አባቷ ካራ ቆሬ ተመድበው ነበርና፣ በዚያ አገር መሬት የተንቀጠቀጠ ጊዜ እዚያው ነበረች። የጎረቤታቸው ቤት ላዩ ከብዶት እግሩ ሲከዳው በዓይኗ አይታለች። በቤቱ ውስጥ አብራት የምትጫወት ልጅ ነበረች። ይህን የነገረችኝ አንድ ቀን ጉርድ ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ ነው፤ ነግራኝ ስትጨርስ የቀሚሱን ልክ ጠየቀችኝና ሄደች። ደግማ አላነሣችውም።

እውነቱን ለመናገር በቤታችን ብዙም አትወደድም ነበር። በሯ ሁልጊዜ ገርበብ ያለ ነው። ሰላምታዋ አጭር ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሴቶቹን የሚያበሳጫቸው ጎታዋ ነበር።

ስለ ጎታ ነገር ትንሽ ልበል። እኛ ጎንደሮች ፎቅም ብንወጣ ያለ ጎታ አንኖርም። ጣልያን ያን ክፍል ሲሠራ አልጋና ቁም ሣጥን አስቦ ይሆናል፤ እኛ ግን ጭቃና ጭድ ለውሰን፣ ቀለበት በቀለበት ላይ እየደረብን፣ ከበሩ የሚሰፋ የእህል ማኖሪያ እዚያው ክፍሉ ውስጥ አቆምንበት። የኮሶዬ ዘመድ ገብስ ይልክልናል፣ የድብ ባሕር ወንድም በቆሎም ጤፍም ያመጣና «ከመንግሥት የእህል ኮታ እስካመልጥ አስቀምጡልኝ» ይለናል። እናም ያ ሁሉ ኩንታል ፎቅ ላይ ይወጣል። በጎታ ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ ሰው አይጠየቅም፣ ሰውም አይናገርም። ሞላ ከተባለ በዚያ ዘመን አከማቸ ተብሎ በስብሰባ መካከል መቆም ይመጣል፤ ጎደለ ከተባለ ደግሞ ለባለቤቷ ውርደት ነው። ስለዚህ የሁሉም ጎታ አፉ በጭቃ ተደፍኖ ዝም ብሎ ይቆማል።

የትርንጎ ጎታ ከሁሉም ያማረ ነበር። ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ ለጥምቀት በነጭ አፈር ትለስነዋለች፤ ገርበብ ባለው በር በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለቤቴ እቴነሽ ባየችው ቁጥር ጉድ ትላለች። አንዲት ብቸኛ ሴት ያን ሁሉ ጤፍ ደፍና ለጎረቤት አንድ ቁና እንኳ አበድራ የማታውቅ ምን ዓይነት ልብ ቢኖራት ነው ትለኛለች። እኔም አዎን እያልሁ እሰፋለሁ።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከቀትር በኋላ ነው። የአንድ መምህር ሱሪ እግር ላይ ነኝ። መቀሴ ማንም ሳይነካው ጠረጴዛው ላይ መሄድ ጀመረ። ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ሳየው ዳር ደረሰና ወደቀ። ከዚያ ከሥሬ አንድ ከባድ ነገር የተጎተተ መሰለኝ፤ ጣራው አቧራ አፈሰሰብኝ፤ ላይ ያሉት ሴቶች ማርያም ማርያም እያሉ በደረጃው ወረዱ። መንገድ ላይ ስንሰበሰብ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሏል። ሁላችንም ውጪ ነን፤ ትርንጎ ብቻ የለችም። ከመሥሪያ ቤቷ እየሮጠች መጥታ፣ እኛ ስንወጣ እሷ አዳራሹ ውስጥ ገብታ ኖሯል።

ኳ ኳ ስትል ሰማናት። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ግድግዳ በፈረሰበት በኩል ያሉት ምሰሶዎች አንገታቸው ላይ ሰያፍ ተሰንጥቀዋል አለች። አንዱ ምሰሶ ላይ ደግሞ ልስኑ ተላቆ ውስጡ ባዶ ድምፅ ይሰጣል አለች። ድምፁ ድፍን ከሆነ ደህና ነው፣ ባዶ ከሆነ ግን ሲሚንቶው ከብረቱ ተለያይቷል ማለት ነው ብላ አስረዳችን። ያን ቀን ሁላችንም ጆሯችንን ምሰሶው ላይ እየለጠፍን አዳመጥን፤ እንደ ሐኪም ቤት ሆነ።

በማግሥቱ ከመሥሪያ ቤቷ መሐንዲስ ይዛ መጣች። ረጋ ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው። አየና የእሷን ሐሳብ አጸደቀ፤ ግን ሲሚንቶ በኮታ ነው፣ ለዚህ ቤት የሚደርስ የለም፣ የሚቀለው ማፍረስ ነው አለ። ማፍረስ ማለት ደግሞ ስምንታችን ቀበሌ ባገኘበት መበተን ነው። አንዱ አዘዞ፣ አንዱ እንፍራንዝ፤ የኔም መኪና ከበረንዳው ትነቀላለች። ጓድ ዋኘው በበኩሉ ማፍረሱንም ማጠንከሩንም አልፈለገም። መስከረም ሁለት አሥረኛው የአብዮት በዓል ነው፣ ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል፣ ስንጥቁ ተለስኖ ቀለም ይቀባ ብሎ ቆረጠ። ልጆቻችን ከዚያ ጣራ ሥር ይጨፍራሉ፣ እኛ ከላዩ እንተኛለን ማለት ነው።

ትርንጎ የዚያን ዕለት ወደ መኪናዬ መጥታ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ላድነው እችላለሁ አለችኝ። እንዴት ብዬ ጠየቅኋት። የተንጠለጠለውን ሱሪ አየችና፣ «ወገቡ ሲላላ ምን ታደርጋለህ፣ አያ አንዳርጋቸው?» አለችኝ። ቀበቶ ይታጠቃል አልኋት። ምሰሶዎቹም ብረት ይታጠቃሉ አለች። ደግሞ የፈረሰው ግድግዳ እንዳለ ባይመለስ እንኳ፣ ከእያንዳንዱ ምሰሶ ግራና ቀኝ አጠር ያለ የድንጋይ ግድግዳ ይወጣል፤ ክንፍ ትለዋለች። መካከሉ ክፍት ስለሚቀር አዳራሽነቱ አይቀርም። ሦስተኛ ነገር አለ፣ እሱ ግን ኋላ ነው ብላ ተነሣች። በዓሉ ሳይደርስ እጨርሳለሁ ስትል ፊቷን አየሁት፤ አልተጠራጠርኋትም።

ጓድ ዋኘው አዳራሹ ለበዓሉ ብቁ ነው የሚል ወረቀት እንድትፈርምለት ጠየቃት። በረንዳው ላይ፣ እኔ ፊት ነው።

«አልፈርምም» አለችው።

«ይሄ አሻጥር ነው፣ ጓዲት ትርንጎ» አላት።

በዚያ ዘመን ያን ቃል ሰምቶ የማይደነግጥ አልነበረም። እኔ ራሴ እግሬን ከመርገጫው ላይ አነሣሁ። ትርንጎ ግን ወደ አዳራሹ ገብታ አንድ ወንበር አመጣችና፣ ስንጥቁ የከፋበት ምሰሶ ሥር አስቀመጠችው። የአውራጃው እንግዳ የሚቀመጡት እዚህ አይደለም ወይ ብላ ጠየቀችው። ምሰሶው ያን ዕለት ምን እንደሚያደርግ እኔ አላውቅም፣ እርስዎ ካወቁ ግን ይፈርሙበት አለችው። ጓድ ዋኘው ወንበሩን አየ፤ ምሰሶውን አየ፤ ጣራውን አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ችኩል ነበረ እንጂ። እንግዳው ላይ አንድ ነገር ቢወድቅ ምን እንደሚከተለው ሲያስብ ላብ ላብ አለው። ድምፁን ቀነስ አድርጎ ለምትዪው ግድግዳ ድንጋዩ ከየት ይመጣል አላት።

«መድረክዎ ውስጥ ነው ያለው» አለችው።

«እኔስ የት ቆሜ ልናገር?»

«መሬት ላይ። ለሰፊው ሕዝብ ይቀርባሉ።»

በጥርሴ የያዝሁትን ስፒል ልውጠው ምንም አልቀረኝም። ጓድ ዋኘው ወንበሩን ከምሰሶው ሥር አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰው። መድረኩ በሳምንቱ ፈረሰ።

ግንበኛው ከኮሶዬ የመጣ አያ ውዱ የሚባል ሽማግሌ ነበረ። ድንጋይ የሚያውቅ፣ ሰው የማይሰማ። ሲሚንቶ ከሌለ ኖራ አለ፣ የፋሲልን ግንብ ያቆመው ምን ሆነና አለ። ትርንጎም የፈለገችው ኖራ ነበር። ኖራው ግን በምን ይቃጠል? ሰዉ እንጨት ይቆረጥ አለ። በዚያ ክረምት በየገጠሩ ድርቅ አለ፣ ኮረብታው ሁሉ ተመልጧል፤ ትርንጎ አንድ ዛፍ አይነካም አለች። አንድን ቤት ለማዳን ተራራ አናራቁትም አለች። አናጢዎቹ የሚጥሉትን ሰጋቱራ በጆንያ አስጭና፣ ከኩበት ጋር ቀላቅላ እንዲነድ አደረገች። አያ ውዱ ምድጃው ላይ ቆሞ ሲያጉረመርም ሰነበተ፣ ኖራው ነጭ ሆኖ ሲወጣ ግን ዝም አለ። በጉድጓድ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ እስኪረጋ ደግሞ ትርንጎ ተቻኮለች፣ እሱ እምቢ አለ። ያን ጊዜ እሱ ልክ ነበረ፤ እሷም ታገሠች።

ብረቱን ያገኘነው ከወዳደቁ መኪናዎች ነው። ጣልያን ጥሎት የሄደ፣ ከዚያም ወዲህ የሞተ፣ ከከተማው ዳር ሣር የበቀለበት የመኪና አጽም ሞልቷል። ማዕዘን ያለውን ብረት እየቆረጡ በየምሰሶው አራት ጠርዝ አቆሙት፤ ዙሪያውን በጠፍጣፋ ብረት አሰሩት። አንድ በያጅ ጠፍጣፋውን ብረት አግሎ ያጠልቀዋል፤ ሲበርድ ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። ከዚያ አያ ውዱ ክንፎቹን በኖራ እየገነባ፣ ከምሰሶው ጋር በብረት ካስማ እየሰፋ ወጣ። ሰፋ ያልሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ቃሉን ወደደውና ግንበኛ ሰፊ ነኝ ይለኝ ጀመር።

ሦስተኛው ነገር የመጣው ሐምሌ ውስጥ ነው። መሐንዲሱ ክንፉም ብረቱም ደህና ነው፣ ግን ይህ ቤት ላዩ ከብዷል፣ ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳለ ሳላውቅ ይበቃል አልልም አለ። የሚቀንሰው ከቀነሰ ቤቱ ይቆማል፣ ካልቀነሰ ድካሙ ግማሽ ነው አለ። ትርንጎ በየክፍሉ እየገባች ጎታችሁ ውስጥ ስንት አለ ብላ ጠየቀች።

የሁሉም ጎታ ባዶ ነው ተባለ። ዓመቱ ከፍቷል፣ ምን አለን አሉ። አንዷ ጎታዋ ውስጥ የክረምት ልብስ ነው ያለው አለች። እቴነሽ እንኳ ከኔ ፊት ቆማ የኛው ውስጥ ሽሮ ነው ብላ ማለች። ትርንጎ በመዶሻዋ አንድ ጊዜ ኳ ብታደርግ ሁሉን ታውቀው ነበር፤ የሰውን ገመና ግን አላንኳኳችም። ለምን ብዬ ጠየቅኋት። «ፈቅደው ካላወረዱት፣ እኔ ባወርደው መልሰው ያወጡታል» አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁላችንንም ላይኛው በረንዳ ላይ ሰበሰበችን። ጓድ ዋኘውንም ጠርታዋለች። ከፎቅ የሚወርድ እህል አይመዘገብም፣ አይወረስም ብለው በሰው ፊት ይናገሩ አለችው። ተናገረ። ማንም አላመነውም፤ ዓይናችንን መሬት ላይ ተክለን ቆምን። የወረደው እህል በየክንፎቹ መካከል ባለው ጥግ፣ ለየቤተሰቡ በተለየ ቦታ እንደሚቀመጥ ነገረችን። ጎታው በበር አይወጣም፤ ቀለበቱ እየተነሣ፣ እህሉ በሰው ፊት እየተዛቀ ነው የሚወርደው። ያን ማን ይጀምረዋል?

ትርንጎ «እንግዲያው በኔ ይጀመር» አለችና በሯን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

በነጭ አፈር የተለሰነው ጎታ እዚያ ቆሟል። አፉን የደፈነውን ጭቃ በመዶሻዋ ሰበረች። አያ ውዱ አግዟት የላይኛውን ቀለበት አነሡ። እህል ይፈሳል ብለን አንዳንዶቻችን እግራችንን ሰበሰብን፤ ምንም አልፈሰሰም። ሁለተኛውን አነሡ። ሦስተኛውን አነሡ። ከወለሉ ላይ እፍኝ የማይሞላ የጤፍ ብናኝና አንድ የተደፋ ቁና ብቻ ተገኘ።

«የእናቴ ወገኖች ርቧቸው ከበለሳ መጡ» አለች ትርንጎ። «እህል ነበረኝ፣ ሰጠኋቸው። ሲያልቅ ደሞዜን ሰጠሁ። ጎታውን የምለስነው እናንተ እንዳታዩኝ ነበር። ይኸው አያችሁኝ።»

አላለቀሰችም። ባዶዬን ካሳየኋችሁ እናንተ ሙላታችሁን ማሳየት ምን ያሳፍራችኋል አለች። ይህ ቤት ቢወድቅ የሚጥለው የመሬቱ መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም፣ የደበቃችሁት እህልም ነው አለች። የላይኛውን ቀለበት ራሷ አቅፋ በደረጃው ይዛው ወረደች፤ ልጆች እንኳ መንገድ ለቀቁላት። እሷን ስስታም እያለ ያማት ያ ሁሉ ምላስ ያን ጊዜ የት እንደገባ አላውቅም፤ የኔም ጭምር።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው እቴነሽ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና፣ «የኛ አራት ኩንታል ነው» አለች፤ «ሁለቱ ጤፍ፣ ሁለቱ ገብስ።» እኔ ባሏ የማውቀው ሁለቱን ብቻ ነበር። ቤት ውስጥ ሽሮ ይጠፋል እያለች የምታስጾመኝን ሳስብ አንድ ቃል ልናገር አልሁ፤ ጊዜው አይደለም ብዬ ተውሁት። ከእሷ በኋላ የሁሉም በር ተከፈተ። የክረምት ልብስ የተባለው ገብስ ሆኖ ወጣ። በእንቅብ፣ በጆንያ፣ በስልቻ እህሉ በደረጃው ይወርድ ጀመር፤ የውሃ በርሜሎቹና የወፍጮ ድንጋዮቹም ተከተሉ። ጓድ ዋኘው ደረጃው ሥር ቆሞ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሲያይ ቆየ፤ ኋላ ኮቱን አውልቆ ጆንያ ተሸከመ። ስንት እንደሆነ አልቆጠረም፤ ያን አደንቅለታለሁ።

ጎታዎቹ በክንፎቹ መካከል ዳግመኛ ቆሙ። እኔ ከአሮጌ ጆንያ ለየጥጉ መጋረጃ ሰፋሁ። ትርንጎም የራሷን ባዶ ጎታ ከበሩ አጠገብ ባለው ጥግ አቆመችው፤ አፉንም ደፈነችው። ምነው፣ ምን ቀርቶሽ ትደፍኚዋለሽ አላት አያ ውዱ። ልማድ ነው አለችው። ከዚያ በኋላ ጎታውን ስትከፍት አላየኋትም፤ የምትበላውን ከገበያ በቁና እየገዛች ኖረች። ነጭ አፈር ግን አልቀባችውም።

በዓሉ ተከበረ። አዳራሹ ጠበብ ብሏል፣ ግን ሰውን ያዘ። የኪነት ቡድኑ ጨፈረ፤ ጓድ ዋኘው መሬት ላይ ቆሞ ተናገረ፤ አጭር ስለሆነ ከኋላ ያሉት አላዩትም፣ ድምፁን ግን ሰሙት። የአውራጃው እንግዳ በብረት የታጠቁትን ምሰሶዎች አይቶ ምንድን ናቸው ሲል፣ ጓድ ዋኘው ፈጠን ብሎ የቀበሌያችን ሕዝብ በራሱ ጉልበት ያጠናከረው ነው አለ። ትርንጎ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ምንም አላለችም። እውነትም ነበረና።

ያ ዓመት ክፉ ዓመት ሆነ። ገበያው ተራቆተ። ከበለሳም ከሌላም ሰው በየመንገዱ እየወደቀ ይመጣ ጀመር። የትርንጎ አንገት ቀጠነ፤ ልብሷን ሁለት ጊዜ አጠበብሁላት። ለእቴነሽ ነገርኋት። እሷም እያየሁ ነው አለችኝ። በዚያ ሰሞን እቴነሽ ማለዳ ማለዳ በእንቅብ ትንሽ ትንሽ እህል ይዛ ስትወርድ አያታለሁ። ወፍጮ ቤት ነው ትለኛለች። ወፍጮ ቤት ደርሳ ቶሎ መመለሷ ገርሞኛል፤ ግን ሴት ስለ ጎታዋ አትጠየቅም ብዬ ተውሁት። የሌሎቹም ሴቶች ማለዳ ማለዳ በዚያ ደረጃ መውረድ በዝቶ ነበር።

ኅዳር ውስጥ፣ ጧት፣ ጓድ ዋኘው ስለ እህል አቅርቦት ስብሰባ ላይ እያለ መሬቷ ተነሣች። ከሚያዝያው የበረታ ነው። መቀሴ አሁን መሄድ ሳይሆን ዘሎ ወደቀ። የስፌት መኪናዬ ራሷ ግድግዳ ደረሰች። ሕዝቡ ከአዳራሹ ግር ብሎ ወጣ፤ ከላይም ወረዱ። መንገዱ ላይ ቆመን ቤታችንን አየነው። በዙሪያችን የድንጋይ አጥር ተንዷል፣ የአንድ ቤት በረንዳ ወርዷል። የኛ ቤት አቧራውን አራገፈና ቆመ። እኔ ያን ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ትርንጎ መዶሻዋን ይዛ ገባች። ማንም አልተከተላትም፣ ሁላችንም ግን በተከፈቱት በሮች በኩል እያየን ነው። ኳ ኳ። አንደኛውን ምሰሶ ድፍን አለች። ሁለተኛውን ድፍን አለች። በየምሰሶው እየሄደች ስታንኳኳ እኛ ጸሎት እንደምንሰማ ሆንን። አንድ ክንፍ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አገኘች፤ በልስኑ ላይ ብቻ ነው አለች። ከዚያ ግድግዳው ከሥር እንዳልተላቀቀ ለማየት መጋረጃዎቹን እየገለጠች በየጥጉ ገባች። ክንፉን ትመታለች፣ ጎታው እንዳልተሰነጠቀም በጣቷ አንጓ ኳ ታደርገዋለች። የመጨረሻው የእሷው ጥግ ነበረ። ክንፉን መታች፤ ድፍን ነው። ሳታስበው ጎታዋን በጣቷ አንጓ ኳ አደረገችው።

እጇ እዚያው ቀረ።

ዝቅ ብላ ደግማ አንኳኳች። ድፍን ነው። ከፍ ብላ አንኳኳች፤ ከላይ ጥቂት ባዶ ቀርቶታል፣ ከአንገቱ በታች ግን ሙሉ ነው። አፉን የደፈነውን ጭቃ በጣቷ ዳሰሰችው። እሷ የደፈነችው አልነበረም፤ ገና እርጥብ ነው። ቀና ብላ በበሩ ወደኛ አየች። ሴቶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነበር። እኔ እቴነሽን አየኋት፤ የነጠላዋን ጥለት ትፈትላለች። ያ ሁሉ የማለዳ ወፍጮ ቤት ያን ጊዜ ገባኝ።

«ይሄን ማን ነው ያደረገው?» አለች ትርንጎ።

እቴነሽ ፊቷን ሳታዞር፣ «ምነው፣ ድፍን ከሆነ ደህና ነው ያልሽን አንቺ አይደለሽ?» አለቻት።

ትርንጎ መዶሻዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። በባዶው ጎታዋ ፊት ያላለቀሰችውን፣ ምሰሶው ሥር ተቀምጣ፣ ያን ጊዜ አለቀሰችው።